ተዘግቶ የሚበራ መብራት

ሰኞ ማታ

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች የወጥ ቤቱን በር በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችና፣ “አባትሽ ዛሬ ሰው ሊገድል ነበር” አለችኝ። የምታለቅሰው በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አልለየሁም። ለጉልበቷ ሕክምና በመኪና ይዟት ሲሄድ መታጠፊያው ላይ አንድ ብስክሌተኛ ነበር። አባዬ አላየውም። “ጭራሽ አላየውም እኮ! እኔ ስጮህ ነው ፍሬን የያዘው።” ሰውዬው ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ደግነቱ ተነስቶ፣ ተሳድቦ ሄደ። አባዬ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ፣ “ብስክሌተኛው ሁሉ አብዷል” አለ አሉ።

ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ውሃ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ ልኩን ሲያውቅ አይቻለሁ። የመድኃኒቱን ካርቶን በቀለሙ እንጂ በጽሑፉ አይለየውም። ግን በዚህ ቤት ስለ ዓይን አይወራም። ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ ጋራዥ ኤሌክትሪሺያን የነበረ፣ ፀጉር የምታክል ሽቦ በጨለማ ሲቀጥል የኖረ ሰው፣ “አባዬ፣ አታይም” ይባላል? ማን አፍ አለው?

ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሌላ ከተማ ለሚኖር ሰው ምክር ቀላል ነው። “ቁልፉን ደብቂበታ፣ እትዬ።”

“አንተ መጥተህ ደብቅ” ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ማክሰኞ

አደረግኩት፤ ቁልፉን ግን አልደበቅኩም። ሁለቱም ሳይነሱ፣ ሥራ ልሄድ ስል።

የመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ዕቃ የሚጫንበት ቦታ፣ ትንሽ መብራት አለች። ኮፈኑ ሲከፈት ትበራለች፣ ሲዘጋ ትጠፋለች። የምታጠፋት ከኮፈኑ ውስጠኛ ክፍል የተለጠፈች እንክብል የምታክል ጎማ ናት፤ ኮፈኑ ሲወርድ ጎማዋ የመብራቷን ቁልፍ ትጫናለች። ጎማዋን ነቀልኳት። አሁን ኮፈኑ ቢዘጋም መብራቷ ውስጥ ለውስጥ ትበራለች። ባትሪውን ቀስ እያለች ትጨርሰዋለች፣ ማንም አያያትም።

ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ልጅ ሆኜ ጋራዥ ስሄድ፣ “ባትሪ የሚበላ ሌባ ሁልጊዜ የቤት ሌባ ነው፤ ውጭ አትፈልጊው” ይለኝ ነበር።

ጎማዋን የመጋረጃ ቀለበት የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኳት። ለሰው ነፍስ ብዬ ነው። ለእማዬም፣ ለእሱም።

ዓርብ

አልተነሳችም። አባዬ መኪናዋን “ሙሽሪት” ነው የሚላት፤ ዛሬ ሙሽሪት ጠቅ ጠቅ ብላ ዝም አለች። እማዬ ሐኪም ቤት የሄደችው በታክሲ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በመስኮት ሳየው እጁን የፊት ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ቆሟል፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

“ባትሪዋ አርጅታለች፣ አይፈረድባትም” አለኝ ስገባ።

“አዎ፣ አርጅታለች” አልኩ።

ቅዳሜ

አዲስ ባትሪ ገዛ! ይህን አላሰብኩትም። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ።

የገዛው ከጋሽ አሲዶ ነው። ጋራዥ አብረው ያረጁ ጓደኛው ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ባትሪ የሚሸጥበትና የሚሞላበት ሱቅ ከፈተ። አሲድ ያልበሳው ሱሪ ስለሌለው ነው ስሙ የወጣለት። ትክክለኛ ስሙን ሚስቱም የረሳችው ይመስለኛል። ራሱ ባትሪውን ተሸክሞ መጥቶ ገጠመለት። “ይቺን ባትሪ ለልጅህ ታወርሳታለህ” አለው። አባዬ፣ “አንተ ቀድመህ ብትሞት ዋስትናውን ማን ይከፍለኛል?” ሲለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መሳቄ ነው የገረመኝ።

ሲመሽ ጎማዋን ልመልስ ይዣት ወጥቼ ነበር። መኪናው ጋ ስደርስ ቦይ ውስጥ የገባው ሰውዬ ታየኝና ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ጠዋት

አዲሱም ወረደ። ረፍዶብኛል። ፊቱን ሳላይ በጓሮ ወጣሁ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ የሆነውን ካልጻፍኩት አልተኛም። ብጽፈውም የምተኛ አይመስለኝም።

አባዬ ባትሪውን ፈትቶ፣ “ነይ አግዢኝ” ብሎኝ በታክሲ ጋሽ አሲዶ ሱቅ ሄድን። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ አንደኛው የከባድ መኪና ሹፌር፣ የመረጠውን ባትሪ አቅፎ ሊከፍል ሲል ነው የገባነው። አባዬ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ባትሪውን ባንኮው ላይ አሳረፈው።

“አሮጌ አጥበህ ቀለም ቀብተህ ነው የሸጥክልኝ?”

ጋሽ አሲዶ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የአባዬን ፊት ሲያይ ሳቁ ጠፋ። “እኔ? ለአንተ?”

“ለእኔ! በዚህ ዕድሜህ!”

“ወንድሜ፣ ባትሪው ጤነኛ ነው። ሞልቼ ላሳይህ። መኪናህ ውስጥ ባትሪ የሚበላ ነገር አለ፣ እሱን ፈልግ።”

“እኔን ነው ኤሌክትሪክ የምታስተምረኝ? ሌባ!”

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሹፌሩ ያቀፈውን ባትሪ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠና ወጣ። ሌላውም ተከተለው። ጋሽ አሲዶ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ እኔን ነበር የሚያየኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ ሰው ነው፤ አንድ ነገር እንድልለት ነበር የሚጠብቀው። ምላሴ ተሳሰረ ልበል? አልተሳሰረም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

በታክሲው ውስጥ አባዬ፣ “ዐዋቂ ሰው ይሰርቃል?” አለኝ። ያመመው ስርቆቱ አልነበረም፣ አሲዶ መሆኑ ነው።

ቅዳሜ

ከሱቁ ጠብ ሳምንት አለፈው፤ አሁን ደግሞ ራሱን መጠርጠር ጀመረ። ጋሽ አሲዶ ባትሪውን ሞልቶ በልጆቹ እጅ ልኮለት ነበር፤ ገጠመው፣ ትንሽ ቀን ሠራ፣ ወረደ። እራት ላይ በድንገት፣ “ትናንት መብራት አጥፍቼ ነበር የወረድኩት?” ብሎ እማዬን ጠየቃት።

“እኔ ምን አውቄ?”

“አጥፍቻለሁ” አለ ለራሱ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “አጥፍቻለሁ መሰለኝ” አለ።

ሊተኛ ሲል ወጥቶ የመኪናዋን ማብሪያ ማጥፊያ ሁሉ በጣቱ አንድ በአንድ እየነካ ይቆጥራል። እማዬ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። “አባትሽ እየዘነጋ ነው። የጎረቤታችን ባል እንዲህ ነው የጀመረው። አንድ ቀን የገዛ ቤቱ ጠፋበት። የጭንቅላት ሐኪም ጋ እንውሰደው።”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ነፍስ ላድን ብዬ ጭንቅላቱን ወሰድኩበት። ይቅር በለኝ አባዬ። ነገ ጎማዋን እመልሳለሁ።

እሑድ ማታ

አልመለስኩም፤ እንዲያውም የባሰ ሠራሁ።

ጠዋት አባዬ የድሮ መሣሪያ ሳጥኑን አውጥቶ፣ “ዛሬ ሌባውን ሳንይዝ አንገባም” አለኝ። ደስ ብሎት ነበር፣ እንደ ጋራዡ ዘመን እጅጌውን ጠቅልሎ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ቀጠለ። በሩን ከፍቶ መቆለፊያውን በመፍቻ ደፈነው፣ መኪናዋ በሯ የተዘጋ እንዲመስላት። “አሁን ሁሉም ነገር ተኝቷል። ያልተኛ ካለ ቴስተሩ ይነግረናል።”

ከዚያ ቴስተሩን ወደ እኔ ገፋው። “አንቺ አንብቢልኝ። ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀችብኝ ነው።”

ሰማዩ እንደ አመድ ደምኖ ነበር።

ቁጥሩ ከፍ ያለ ነበር፤ እውነቱን ነገርኩት። “አየሽ? የሚበላ አለ!” ብሎ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። አንዱን ይነቅልና፣ “ስንት ይላል?” ይለኛል። “ያው ነው” እለዋለሁ። ይመልሰዋል፣ ቀጣዩን ይነቅላል። “ስንት ይላል?” “ያው ነው።” የጥሩምባው፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ የሬዲዮው። ሁሉም እውነት ነበር። ቀጥሎ የውስጥ መብራቶቹን ፊውዝ ነቀለ፤ የኋላ ኮፈኗም መብራት በዚያው ነው የምትሠራው። ቁጥሩ ወዲያው ዜሮ አካባቢ ወደቀ።

“ስንት ይላል?”

“ያው ነው።”

ፊውዙን ሸሚዙ ላይ ጠረገው። “ያው ነው?”

“ያው ነው፣ አባዬ።”

“እሺ” አለና መለሰው። የቀሩትን ነቀለ፣ መለሰ፣ ግን ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚል እምብዛም አልጠየቀኝም። ደክሞት ይሆናል። ሳጥኑን ሲዘጋ፣ “ኤሌክትሪክ ድሮ አይዋሽም ነበር” ብሎ ሳቅ አለ።

እውር ስለሆነ ነው የዋሸሁት። እንዲህ ብዬ ልጻፈው፣ ለራሴ እንኳ ላሳምረው አልፈልግም። ቢያይ ኖሮ አልዋሸውም ነበር።

ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ ወንበር አውጥቶ መኪናዋ አጠገብ ተቀምጧል፤ እያፏጨ።

“ሌላ ኤሌክትሪሺያን እንጥራ እንዴ?” አልኩት፣ ከልቤ ሳይሆን።

“ምን ያደርጋል? ተያት። ሙሽሪት ደክሟታል፣ ትረፍ።”

ፍለጋውን ተወው። ተስፋ ቆርጧል። የሰበርኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ

እማዬ ከሕክምና ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። አባዬ በታክሲ ይዟት ሄዶ፣ መንገዱን ሙሉ ከሹፌሩ ጋር ሲቀልድ ነበር አሉ። “አየሽ? አባትሽ በሰው መኪና ሲሄድ ደስ አለው። ይሄ ጤና ነው?” የጭንቅላት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ልትይዝለት ነው። ለአባዬም ነገረችው። ይቆጣል ስል፣ “ውሰዱኝ፣ ምን ገዶኝ” ብሎ ሳቀ።

ሊተኛ ሲል ግን አሁንም ወጥቶ መኪናዋን ይዳብሳል፣ ከፊት እስከ ኋላ። የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ሲዘጋም ሰምቻለሁ። ምን እንደሚፈልግ እንጃ። ምስኪን።

ሰኞ

ጋሽ አሲዶ እኔ የምሠራበት መጋረጃ ቤት መጣ። ጨርቆቹ መሀል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፣ “እጄ የነካው ይበሳል” ብሎ። ቀልዱ እንደ ድሮው አልነበረም።

“ልጄ፣ አንቺ የጋራዥ ልጅ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ባትሪዬ ነው?”

“እንጃ ጋሽዬ። እኔ እንግዲህ መጋረጃ ነው የምሰፋው።”

“ያ ሹፌር ለጓደኞቹ ሁሉ አውርቶልኛል። እሱስ ይሁን። አባትሽ በሱቄ በር ሲያልፍ ፊቱን አዞረብኝ። ሌላ ባትሪ ልስጠው፣ ብቻ ሰላም ይበለኝ በይው።”

“እሺ፣ እነግረዋለሁ።”

ሊወጣ ሲል፣ “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” አለ። እኔን አልነበረም የሚያየው፤ ለራሱ ነው ያለው። እሱ ከሄደ በኋላ የያዝኩትን መጋረጃ በግልባጩ ሰፍቼው ተገኘሁ፤ ቀጣሪዬ፣ “ልብሽ የት ነው?” አለችኝ። ሙሉ ከሰዓት ስተረትር ዋልኩ።

ሰኞ ማታ

ጎማዋን መለስኳት። ቦታዋ ላይ ጫን አድርጌ ለጠፍኳት፣ ኮፈኑን ዘግቼ በስንጥቁ አጮልቄ አየሁ። ጨለማ ነው። ነገ ባትሪውን አስሞላለሁ። ነገ ለአባዬ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ

ባትሪውን ሌላ ሰፈር አስሞላሁ፣ ጋሽ አሲዶ ጋ መሄድ አፍሬ። ሙሽሪት በአንድ ጊዜ ተነሳች! አባዬ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ሞተሩን አዳመጠ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። “እንግዲህ ዝግጁ ናት” ብቻ ብሎ አጠፋት። እጁን ላብ አጥምቆት መሪውን በመሐረብ ጠረገው።

አልነገርኩትም።

ረቡዕ

አልነገርኩትም። እማዬ ከአጠገቡ አልተነሳችም።

ሐሙስ

ዛሬም አልነገርኩትም። ምክንያት እንኳ የለኝም።

እሑድ ማታ

ጠዋት ወደ ዘመድ ቤት ልንሄድ ተዘጋጅተን፣ ሙሽሪት ጠቅ ጠቅ አለች።

እኔ እኮ ተውኩ! ጎማዋን መልሻለሁ! እንግዲያው እውነተኛ በሽታ ኖሯል፣ ወይም ቅጣቴ ነው ብዬ አሰብኩ። እማዬ ጫማዋን ልትቀይር ስትገባ ሮጬ የኋላ ኮፈኑን ከፈትኩ። ጎማዋ የለችም። ወድቃ ይሆናል ብዬ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ በእጄ መፈለግ ያዝኩ።

“ምን ጠፋብሽ?” አባዬ ከኋላዬ ቆሟል።

“ምንም።”

ከሸሚዝ ኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋት። “እኔ ጋ ናት።”

እንደተንበረከክሁ፣ “መቼ ነው ያወቅኸው?” አልኩት።

“ያን እሑድ ‘ያው ነው’ ስትዪኝ ድምፅሽ ያው አልነበረም። በማግስቱ ሥራ ስትሄጂ ቴስተሩን ትቼ አምፖል ቀጠልኩበት። ቁጥሩን ማንበብ ነው እንጂ ያቃተኝ፣ አምፖል መብራት አለመብራቱንማ አያለሁ። ያቺን ፊውዝ ስነቅል አምፖሉ ጠፋ። ከዚያ በጣቴ ፈልጌ ደረስኩበት።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርከኝም?”

“አንቺስ?”

አባዬ ኮፈኑ አፍ ላይ ቁጭ አለ፤ ትንሿ መብራት ጀርባው ላይ ትበራለች። “ያ ብስክሌተኛ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አሁንም አላውቅም” አለኝ። “ሲጮህ ሰማሁት፣ በቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፍ በያዝኩ ቁጥር ጩኸቱ ይሰማኛል። ለእናትሽ ‘ፈራሁ’ ከማለት ‘መኪናው ተበላሸ’ ማለት ቀለለኝ። አንቺ አሳረፍሽኝ። ጎማዋን መልሰሽ ሳገኛት ግን ደነገጥኩ። ነቀልኳት።”

አለቀስኩ። እሱም አፍንጫውን በመሐረቡ ያዘ። ተቃቅፈን መላቀስ የሚገባን ሰዓት ነበር፤ ጎረቤታችን በመስኮት አንገቷን ስላወጣች እኔ ጎማዋን ለጠፍኩ፣ እሱ ኮፈኑን ዘጋ።

“ጋሽ አሲዶስ?” አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። “እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ስሰድበው አላውቅም ነበር፤ ካወቅሁ በኋላስ? በበሩ ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ እኮ። የዓይኔን ነገር ከምናገር የሱን ስም ባጠፋ ይሻላል አልኩ።”

“እኔም” አልኩት።

ማክሰኞ ማታ

ጋሽ አሲዶ ጋ ልንሄድ ስንል የሰፈር ሰዎች ሙሽሪትን ገፍተው አስነሱልን። እኔ ነዳሁ። አባዬ ከጎኔ ተቀምጦ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር በእግሩ የሌለ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ነበር። መንገድ ላይ፣ “የኔ አፍ ነው የሰደበው፣ የኔ አፍ ነው የሚናገረው። አንቺን አላነሳም” አለኝ። አልተከራከርኩትም።

ሱቁ ውስጥ ባንኮው አጠገብ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቆሟል፣ እንደ ጋሽ አሲዶ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ። ጋሽ አሲዶ ራሱ ጥግ ላይ ተንበርክኮ ባትሪ ውስጥ ውሃ እየሞላ ነበር። አባዬ ኮፍያውን አውልቆ በቀጥታ ወደ ወፍራሙ ሰውዬ ሄደ።

“ባትሪህ ምንም አልነበረውም” አለው። “ጥፋቱ የኔ ነው። የኋላ ኮፈን መብራት በርቶ ኖሯል። ሰው ፊት ነው ሌባ ያልኩህ፣ ሰው ፊት ይቅር በለኝ።”

ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ። “አባዬ፣ እሱ አይደለም” ማለት ነበረብኝ። ጋሽ አሲዶ የውሃውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘ ቀስ ብሎ ቆመ። በመጨረሻ ሰውዬው በጨዋ ደንብ፣ “አባት፣ እኔ እንኳ ባትሪ ልገዛ ነው የመጣሁት” አለ።

አባዬ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ደርቆ ቀረ። እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም።

“እዚህ ነኝ” አለ ጋሽ አሲዶ።

አባዬ ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ፣ ትንሽ አለፍ አድርጎ። ጋሽ አሲዶ ዓይኑን ዓይኑን ሲያየው ቆየ። ተቆጥቶ የነበረው ፊቱ ሲለወጥ ይታየኛል። “መቼ ነው እንዲህ የሆንከው?”

“ቆየ” አለ አባዬ።

“ለኔም አትነግረኝም?”

“ለማንም አልነገርኩም።”

ጋሽ አሲዶ ክንዱን ይዞ ወደ ወንበሩ ወሰደው። እዚያ ላይ ነው ያልቻልኩት። “ጋሽዬ፣ እኔ ነኝ” አልኩ። “መብራቷን ያበራኋት እኔ ነኝ፣ እንዳይነዳ ብዬ። ሌባ ሲልዎት እዚሁ ቆሜ ነበር፣ አውቅ ነበር። መጋረጃ ቤት ሲመጡም አውቅ ነበር።”

“ተይ አንቺ!” አለ አባዬ።

ጋሽ አሲዶ ወደ እኔ ዞረ። “ጠርጥሬ ነበር ብልሽ ይቀልሽ ነበር” አለኝ። “አልጠረጠርኩም። አንቺን እንዴት ብዬ? የገዛ ባትሪዎቼን ስጠራጠር ነው የከረምኩት። መጋዘን ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አውጥቼ ስለካ፣ አረጀሁ፣ እጄ ከዳኝ ስል።”

 

አባዬን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ለራሱም የባትሪ ሳጥን ስቦ ከጎኑ ተቀመጠና ስለ ዓይን ሐኪም፣ የትኛው ጥሩ እንደሆነ ያወሩ ጀመር። ሌላም ባዶ ሳጥን ነበር። ለእኔ ተቀመጪ አላለኝም። በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው።